ቃለ አብ የናቀው ዘፈን

ቃለ አብ ደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ በስልክና በፍላሽ ዘፈን እየጫነ ይተዳደራል። በልጅነቱ ሰባት ዓመት ዜማ ቤት ተቀምጧል፤ ትምህርቱን ያቋረጠው ደረቱ ብርዱን አልችል ቢለው ነው። ዜማ ያውቃል። ዜማ የማያውቀውን ሁሉ ደግሞ ይንቃል፤ ማለትም ከተማውን በሙሉ።

የከፋው ንቀቱ ግን ለአንድ የፈረንጅ ዘፈን ነበር። ከሠላሳ ዓመት በፊት አንድ ቱሪስት ስሜን ተራራ፣ ጨነቅ ካምፕ ላይ ለበቅሎ ጫኝ ትቶለት የሄደው ካሴት ነው ያመጣው፤ ያኔም በአገሩ ያረጀ ነበር አሉ። ካሴቱ ተበጣጥሶ አለቀ። ዘፈኑ አልሞት ብሎ ከሲዲ ወደ ፍላሽ፣ ከፍላሽ ወደ ስልክ እየተሻገረ ይኸው አለ። አባት ይጭነዋል፣ ልጅም ይጭነዋል። ቋንቋውን የሚያውቅ ስለሌለ አዝማቹን ሁሉም «ና ሸማኔ» እያለ ይቀበላል።

«ሰውዬው አፍንጫውን ይዞ ያለቅሳል፣ ኦርጋኑ እንደ ተሰነጠቀ ቃጭል ይንቃጨላል። ይሄ ነው ዘፈን?» አለው አንድ ቀን የአዲ አርቃዩን ሾፌር ፀጋውን። «ደግሞ ፈረንጅ ሸማኔ ምን ሊያደርግለት ይጠራል?»

«በርዶት ይሆናላ» አለ ፀጋው፤ ስልኩን እያቀበለው።

በጥር የአክስቱ ልጅ ሕሊና ዳባት ላይ ስታገባ ሙዚቃ እንዲያጫውት ተጠራ። «ጋሼ፣ ያቺን እንዳትረሳት» አለችው። አልረሳትም፤ ከቤቱ ሳይወጣ ከላፕቶፑ አጠፋት።

አሥር ሰዓት ላይ የሠርጉ ዳስ በአንድ አፍ ያን ዘፈን ጠየቀ። «የለም፤ ጠፍቷል» አለ ቃለ አብ፣ ኮስተር ብሎ።

ከበየዳ የመጡት ሽማግሌ አቶ ቢራራ ብድግ አሉ። «ታዲያ ምን ቸገረን? አፍ የለንም እንዴ?» አሉና ማጨብጨብ ጀመሩ። ዳሱ ተቀበላቸው። ገበሬው «ና ሸማኔ» እያለ እስክስታ ወረደ፣ ሚዜዎቹ ኦርጋኑን በአፋቸው «ጢን ጢን» አሉት። ቃለ አብ እጁን አጣምሮ ‘እህል የጠገበ ሕዝብ!’ እያለ በልቡ ሰደባቸው።

ግን ሚዜዎቹ ይሳሳታሉ። አንዴ ቻለ። ሁለቴ ከንፈሩን ነከሰ። በሦስተኛው ማይክሮፎኑን ነጠቀ።

«አቁሙ! እዚያ ላይ ድፋት አይደለም፣ ቅናት ነው! ከፍ ይላል እንጂ አይወርድም!»

አለ በዜማ ቤት ምልክት፤ ከዚያም ራሱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ አንድ ጌጥ ሳይጥል አዜመው። ርካሽነቱን ሊያሳያቸው ነበር የተነሳው፤ እስኪጨርስ ግን እንከን ቢፈልግ አጣ። ያም አናደደው። ዳሱ በእልልታ ፈነዳ።

«አንተ፣ ይህን ሁሉ የት ተማርከው?» አሉት አቶ ቢራራ።

«ማን ይማረዋል! በግድ ነው የገባብኝ» አለ፣ ላቡን እየጠረገ። ሦስት ጊዜ አስደገሙት።

ሰኞ ከፀጋው ፍላሽ መልሶ ጫነው። ዛሬም «ና ሸማኔ» ብሎ የሚመጣውን ደንበኛ «አፍህን ዝጋና ስማ፣ ደንቆሮ!» ይለዋል፤ እስከ ፍጻሜው ሳያሰማው ግን አይሸኘውም።