መዘወሪያውን የሚይዘው አጎቴ

አጎቴን «ሥራዎ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ካለ መልሱ አንድ ቃል ነው፦ «እይዛለሁ።» ከሚሴ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው ቢገኝ ትናንት የመጣ እንግዳ መሆን አለበት። የሚይዘው የብየዳ ማሽናችንን መዘወሪያ ነው። እኔ እበይዳለሁ፣ እሱ ይይዛል።

ማሽኑ በእጅ የተጠመጠመ ነው። ከግድግዳው የሚመጣውን መብራት ተቀብሎ ቮልቴጁን ዝቅ፣ ካረንቱን ከፍ ያደርጋል፤ ብረት የሚያቀልጠው ካረንቱ ነው። ልኩን የሚወስነው ደግሞ በሁለቱ የመዳብ ሽቦ ጥቅሎች መሃል የሚንሸራተት፣ ጡብ የሚያህል ብረት ነው። መዘወሪያውን አዙረህ ብረቱን ወደ ውስጥ ስታስገባው የጥቅሎቹ የማግኔት ኃይል በእሱ በኩል ያፈተልክና ካረንቱ ይቀንሳል፤ ለስስ ላሜራ የሚሆን እሳት ታገኛለህ። ስታወጣው ካረንቱ ይጨምራል፤ ያ ለወፍራም ብረት ነው። የእኛው ማሽን ጉድ የመዘወሪያው ጥርስ ማለቁ ነው። ብረቱ እንዳይንቀጠቀጥ የተገጠመለት ሞላ፣ መዘወሪያው በተለቀቀ ቁጥር ብረቱን ወደ ውጭ ይስበዋል። ያኔ እሳቱ ይቆጣና ላሜራውን በስቶ ያልፋል። ስለዚህ አንድ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ጥርቅም አድርጎ መያዝ አለበት።

«ኮምቦልቻ ቶርኖ ቤት ወስጄ አዲስ ጥርስ ላሠራለት» ባልኩ ቁጥር የአጎቴ ፊት ይጠቁራል። «እኔንስ የት ልትወስደኝ ነው?» ይለኛል። ማሽኑ የእሱ ነው፤ ሙያውን ያስያዘኝም እሱ ነው። ምን እላለሁ? መዘወሪያውን አስይዤው ወደ ብየዳዬ እመለሳለሁ።

ታዲያ መያዝ ለማንም ይሆን ይሆናል፣ ለአጎቴ ግን አይሆንም። ዕድሜውን ሙሉ ሰንበቴ ገበያ የከብት ደላላ ነበር። ከቆላም ሆነ ከደጋ የመጣ ነጋዴ እሱን ሳያውቅ ከብት ሸጦ አያውቅም። ሰላምታው ደግሞ በኦሮምኛና በሁለት እጅ ነው፤ እጅ ተያይዞ፣ እጅ ተሳስሞ። «አካም ጅርቱ? ነጋያ? እጆሌን ነጋያ? ሎን ነጋያ?» ስለ ሰው ይጀመርና ስለ ልጆች፣ ስለ ከብቱ፣ ከዚያ ስለ ዝናቡ። «በአንድ እጅ ሰላም የሚልህ ሰው ሁለተኛ እጁን ኪስህ ውስጥ ከቷል ማለት ነው» ይላል። የብየዳ ቤታችን ደግሞ ዋናው መንገድ ዳር ነው። አላፊው አግዳሚው ሁሉ ዘመዱ ነው። አንድ ዘመድ ሲያልፍ መዘወሪያው ይለቀቃል፤ ላሜራው ይበሳል።

እኔም መላ ዘየድኩ። በተበሳው ቦታ ሁሉ ከቁርጥራጭ ላሜራ የተሠራ አበባ እለጥፍበት ጀመር። ደንበኛው ማሻአላህ ብሎ ይወስዳል። እያደር ነገሩ ፋሽን ሆነና ሰዎች መጥተው «እንደ እከሌ በር አበባ ይኑረው» ማለት ጀመሩ። አጎቴም አላፈረም፤ «አየህ፣ የእኔ ሰላምታ ነው ያበበው» አለኝ።

አበባው ያላታለላቸው አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። የብየዳ ኤሌክትሮድና ላሜራ የምገዛበት የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ባለቤት ናቸው። ሱቁ ውስጥ ሴት ልጃቸው ትሠራለች። በሐቅ ለመናገር አንድ ፓኬት ኤሌክትሮድ ለሚበቃው ሥራ በየቀኑ እየተመላለስኩ በፍሬ የምገዛው ስለ እሷ ነው። እሷም ገብቷት ፍሬዎቹን ቀስ ብላ ትቆጥርልኛለች። ሽማግሌ ላክን። አባቷ እሺም እምቢም አላሉም። «መጀመሪያ የግቢዬን በር ይሥራልኝ» አሉ። «ያለ አበባ።»

ያን በር እንደ ዓይኔ ብሌን ጠበቅሁት። የመጨረሻው መስመር ሲቀር አጎቴን ለመንኩት። «አጎቴ፣ ስለ አላህ፣ ዛሬ ማንንም ሰላም አትበል። ልጅቷን ታሳጣኛለህ።»

«አብሽር! ወላሂ፣ አባቴ ከመቃብር ተነስቶ ቢመጣ አለቅም።»

ማስኬን አጥልቄ ጀመርኩ። እሳቱ ደልደል ብሎ እየሄደ ነው። ድንገት የማሽኑ ድምፅ ጎረነነ፤ ፊቴ ላይ ብልጭታ ተረጨ። ማስኬን ሳነሳ በሩ መሃሉ ላይ አውራ ጣት የሚያሳልፍ ቀዳዳ አለው። አጎቴ ቆሟል። በሁለት እጁ የያዘው የልጅቷን አባት ነው።

«ምን ላድርግ?» አለኝ ፈጥኖ። «አማች የሚሆንን ሰው ተቀምጬ ልቀበል?»

አባትየው ቀዳዳውን አዩት። «አበባዋ ይቺ ናት?» አሉ። ከዚያ ወደ አጎቴ ዞሩ። «ሰው እንዴት አንዲት እጀታ መያዝ ያቅተዋል? ዞር በል እስቲ!» ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው በርጩማው ላይ ተቀመጡና መዘወሪያውን ያዙት። «በይድ!»

ቀዳዳውን ትቼ መስመሩን ቀጠልኩ። ብዙም አልሄድኩ። «አካም ጅርቱ!» የሚል ድምፅ ከመንገዱ መጣ፤ ማሽኑም ጎረነነ። ሁለተኛው ቀዳዳ ከመጀመሪያው ይሰፋል። አባትየው ከባቲ ገበያ የተመለሱ ሽማግሌ የድሮ ወዳጃቸውን እጅ እየሳሙ ነው። አጎቴ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። «ሰው እንዴት አንዲት እጀታ መያዝ ያቅተዋል?» አለ፣ ቃሉን አንዲት ሳያጎድል።

«ከባቲ መጥቶ ነው እኮ!» አሉ አባትየው ተቆጥተው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያያዙት። «ያንተ ቀዳዳ ይሰፋል!» «መብሳቱን የጀመርከው አንተ ነህ!» እኔ ማስኬን ታቅፌ መሬት ተቀመጥኩ። ሳቄም እንባዬም አብረው መጡብኝ፣ ግን ያሸነፈው እንባው ነበር። ልጅቷ ሄደች ብዬ ቆርጫለሁ።

ልጅቷ የመጣችው ይኼኔ ነው፤ አባቷ ረስተውት የወጡትን ስልክ ይዛ። ቀዳዳዎቹን አየች፣ ሽማግሌዎቹን አየች፣ እኔን አየች። አንድም ጥያቄ አልጠየቀችም። ስልኩን ለአባቷ ሰጠች፣ በርጩማው ላይ ተቀመጠች፣ መዘወሪያውን በሁለት እጇ ያዘች። «ጨርሰው» አለችኝ።

ስጀምር የባቲው ሽማግሌ እጃቸውን ወደ እሷ ዘርግተው፣ «አካም ጅርታ፣ ልጄ?» ሲሉ ሰማሁ።

«ነጋያ፣ አባባ፣ አልሃምዱሊላህ» አለች። «ይቅር ይበሉኝ፣ እጄ ሥራ ይዟል።» የማሽኑ ድምፅ አልተለወጠም። እሳቱ መስመሩን ይዞ እስከ ጠርዙ ሄደ፤ እንዲህ ያለ ለስላሳ ብየዳ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም።

ማስኬን ሳነሳ ሁሉም አንድ ቦታ ያያሉ። የሽማግሌው እጅ አየር ላይ እንደቀረ ነው። በእኛ አገር የትልቅ ሰው እጅ እንዲህ አይቀርም፤ እሷ ደግሞ ለደንብ የምትሞት ልጅ ናት። አባቷ መጀመሪያ ያንን እጅ፣ ቀጥሎ የልጃቸውን ፊት፣ በመጨረሻ የእኔን ፊት አዩ። ቁጣ ጠብቄ ነበር። የመጣው ግን ከቁጣ የሚከብድ ነገር ነው፤ ዓይናቸው ረጠበ።

«ይህችን ያሳደግኳት እኔ ነኝ» አሉ ለወዳጃቸው፣ ይቅርታ በሚጠይቅ ድምፅ። «ለእኔ ሥራ ብላ እንኳ የሰው እጅ መልሳ አታውቅም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ላንተ ሲሆን ግን መለሰች። ሽማግሌዎቹን መልሰህ ላክ።»

እሺ ልል አፌን ከፈትኩ።

«ይልካል፣ አባ» አለች እሷ ቀድማኝ።