አያ አድማሴ ያልመለሱት ደም

የመጀመሪያ ልጃቸው አወቀ የተገደለው ወገራ፣ ገብስ ማሳ ላይ፣ በወሰን ጠብ ነው። ጎረቤቱ ካሴ ግንባሩን በፋስ ፈለጠው። እናቱ ዝናሽ ስትደርስ ፋሱ ገና አልተነቀለም፤ ደሙ እሸቱ ላይ ተረጭቶ ዝንብ ወርሶታል። ነጠላዋን አውልቃ ፊቱን ሸፈነችው። ባሏ አያ አድማሴ ጣታቸው ጠመኔ እንደነካ ከትምህርት ቤት እየሮጡ መጡ። ፋሱን የነቀሉት እሳቸው ናቸው። የጠመኔው ብናኝና የልጃቸው ደም እጃቸው ላይ ተለወሰ።

አያ አድማሴ የሂሳብ አስተማሪ ነበሩ። ተማሪ በአለንጋ ነክተው አያውቁም። ቅዳሜ ቅዳሜ የዝናሽን ዘንቢል ተሸክመው ከገበያ ሲመለሱ ጎረቤት ይስቅባቸው ነበር፤ እሳቸውም አብረው ይስቁ ነበር።

ካሴ እስሩን ጨርሶ በወጣ ሰሞን ግን የሚስቅ ጠፋ። በአንድ ዘመድ ለቅሶ ላይ የልጆቹ አክስት እንኳየሁ ደረቷን እየደቃች፣

«ጠመኔ ጨብጦ፣ ደም ማን መለሰ፤
የአወቀ ገዳይ፣ ገበያ ደረሰ»

ብላ ሙሾ አወረደችባቸው።  ታናሹ ልጅ ባህሩ ቤት ገብቶ ክላሹን ከአልጋ ስር አወጣ።

«ምነው ልጄ፣ አንተንም ልጣ?» አለች ዝናሽ።

«እምዬ፣ አገር ምድሩ ቀሚስ ልበስ እያለኝ ነው!»

በገበያው ቀን ካሴ የበግ ላት ጨብጦ ሲከራከር ባህሩ አነጣጠረ። አያ አድማሴ ልጃቸውን ተከትለው ኖሮ ከመሀል ዘለው ገቡ። ጥይቱ የራሳቸውን ጭን አጥንት ሰባብሮ በወዲያ በኩል ወጣ። በጎቹ ተበታተኑ። ባህሩ ደሙ ላይ ተንበረከከ።

«አባባ!»

«ዝም በል። ልቀማህ ስል በኔው እጅ ባረቀ።»

ለፖሊስም ለሐኪምም ያሉት ይህንኑ ነው። ለሕክምናው ሲሉ ጎንደር ከተማ ገቡ፤ በዚያው ቀሩ። ቁስሉ እየመገለ፣ ስብርባሪ አጥንት እየተፋ ዓመታት ቆየ። ዝናሽ ጠዋት ጠዋት በጨው ውሃ ስታጥብላቸው፣ ሳህኑን የሚይዘው ባህሩ ነበር። አያ አድማሴ ጥርሳቸውን ነክሰው ያልባቸው ነበር እንጂ አንድም ቀን አልተቆጡትም።

ዘንድሮ በጥር አረፉ። ሬሳቸው ወገራ፣ አምባ ጊዮርጊስ ሲደርስ ወንዶቹ ለክብራቸው ተኮሱ፤ ባህሩም ደጋግሞ ተኮሰ። ጭሱ ሳይበተን፣ ሽማግሌዎች ፊት ለፊት፣ ካሴ አንገቱ ላይ የወፍጮ ድንጋይ ተሸክሞ ብቅ አለ። ይቅርታ የሚያደርግ የሟች ወገን ድንጋዩን ያነሳለታል፤ ደሙን የሚመልስ ደግሞ እዚያው ይገድለዋል።

«በል ባህሩ፣ በእግሩ መጣልህ!» አለች እንኳየሁ።

ካሴ ተንበረከከ። «የሳቸውን አፈር ሳልነካ አልሄድም። ከፈለግህ ድፋኝ።»

ባህሩ አፈሙዙን ማጅራቱ ላይ ተከለ። ትኩስ ብረት የካሴን ቆዳ ጠብሶ ሸተተ። ዝናሽ ከሬሳ ሳጥኑ አጠገብ ተቀምጣለች፤ የቀራት ይኸው አንድ ልጅ ነው። እሱ ግን ዓይኑ ሳጥኑ ላይ የተጋደመው የአባቱ ምርኩዝ ላይ ቀርቷል።

«ምን ትጠብቃለህ፣ አንተ ሴታ ሴት!» አለች እንኳየሁ።

«አዎን፣ የአባቴ ልጅ ነኝ» አለ ባህሩ።

ድንጋዩ ባንድ እጅ የሚነሳ አልነበረም። ክላሹን እናቱ ጭን ላይ አስቀመጠና በሁለት እጁ ሊያነሳለት ጎንበስ አለ። ዝናሽ ዘቅዝቃ የለበሰችውን ነጠላ አወለቀች፤ ያኔ የአወቀን ፊት እንደሸፈነች፣ መሣሪያውን ሸፈነችው።