ካምፑ ውስጥ የነበረው የአባቴ ዛፍ

መቱን ዝናብ ሲይዛት መብራት ይጠፋል፤ የዚያን ዕለትም ምክትል ከንቲባው ንግግሩን ሳይጀምር አዳራሹ ጨለመ፣ አንዲት ጸሐፊም ከቦርሳዋ ጧፍ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ለኮሰች። የሰሙ ሽታ እኔ ካለሁበት የኋላ ወንበር ድረስ መጣ። የተጠራነው የበጎ አድራጎት ድርጅቱ ለቆ ሊሄድ ስለሆነ ከተማው የድርጅቱን የልጆች ካምፕ ገዝቶ መናፈሻ ያድርገው ወይስ ይተወው በሚለው ላይ ሐሳብ እንድንሰጥ ነበር። እኔ የሄድኩት ለመስማት ነው። ምክትል ከንቲባው ግን ነጭ ጋቢ ለብሶ ፊት ወደተቀመጠው ወደ ቀድሞው የካምፑ ኃላፊ፣ ወደ ታደለ፣ እጁን ዘርግቶ፣ "ከተገዛ መናፈሻው በእኚህ ባለውለታችን ስም ይጠራል" አለ፤ ሰዉም አጨበጨበ። አዳራሹ ውስጥ አንቱ ብዬዋለሁ፤ እዚህ ግን አልለውም።

እኛ ቤት ሰም የዘወትር ሽታ ነበር። ቤታችን ወደ ጎሬ በሚወስደው መንገድ፣ ከካምፑ አጥር ጥግ ነበር፤ አባቴን፣ ኦቦ ዲንሳን፣ አገሩ የሚያውቀው በንብ ነው። ቀፎውን በጭስ አጥኖ፣ በገመድ ራሱን እየሳበ፣ እኛ ከታች አንገታችን እስኪዝል የምናየው የቀረሮ ዛፍ ላይ ወጥቶ ይሰቅለዋል፤ የገተማ ዛፍ አብቦ የሚወርደው ማርም እንደ ቅቤ የነጣ ነው። ከንቦቹ ጋር በኦሮምኛ ያወራ ነበር፤ እናቴ "ለእኔ ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል አይተነፍስም፣ ለእነሱ ግን ወሬውን ያወርደዋል" እያለች ትማረርበት ነበር። በእኛ አገር ልማድ ደግሞ ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ የሰቃዩ ነው። መሬቱ ወደ ሌላ ሰው ቢያልፍ፣ አጥር ቢታጠርበት፣ ባለቀፎው ገብቶ ማሩን ያወርዳል፣ ለባለመሬቱ ያቀምሳል፤ ዛፉን ግን የሚነካው የለም። ስለዚህ ድርጅቱ ጫካውን አጥሮ ካምፕ ሲያደርገው ከአያቴ የወረስነው ቀረሮ አጥር ውስጥ ቢቀርም አባቴ አልደነገጠም፤ የመጀመሪያዎቹ ኃላፊዎችም በር ከፍተውለት፣ ማሩን ጣታቸውን እየላሱ ኖረዋል።

መንግሥት ተቀይሮ ብዙም ሳይቆይ፣ ታናሽ ወንድሜ በቁቤ መማር በጀመረበት፣ እኔ ስምንተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት ታደለ መጣ። በትምህርት ዕረፍት ወላጅ የሌላቸው ልጆች ከጎሬና ከኡካ በመኪና እየመጡ ድንኳን ውስጥ ያድራሉ፤ አንዱን ልጅ ንብ ነደፈው። አባቴ ተጠርቶ "ቀፎውን አመሻሽ ላይ በጭስ አወርደዋለሁ፣ እስከዚያ ልጆቹን ከሥሩ አርቁልኝ" አለ። ታደለ ግን ከእርሻ መልስ የመጣ ባላገር ሊያዝዘው መሰለው። ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ ንብ በምትቆጣበት ሰዓት፣ ዘበኛው በጠመንጃ ገመዱን መትቶ ቀፎውን እንዲጥል አዘዘው።

ከቤት ሆነን ተኩሱን ሰማን፤ ከዚያ የልጆቹን ጩኸት። ቀፎው መሬት ላይ ፈንድቶ ንቡ እንደ ጥቁር ጭስ ተነሥቶ ነበር። የሰፈራችን ባለሱቅ በቅሎ አጥሩ ሥር እንደታሰረች ተነድፋ ወደቀች፤ ዓይኖቿ አብጠው ተዘግተው ነበር፣ እግሯ መሬቱን ሲቆፍር አይቻለሁ። አባቴ የሚጤስ ኩበት ይዞ አጥሩን ጥሶ ገባ፤ ልጆቹን በሁለቱ ክንዶቹ እየሰበሰበ ወጥ ቤቱ ውስጥ ከተታቸው። ታደለ መስኮቱን ዘግቶ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ንቡ ሲበርድ ወጥቶ፣ ክራቫቱን እያስተካከለ፣ "ንቡን የላከብን ይኼ ጠንቋይ ነው!" አለ።

ዘበኞቹ አባቴን ከራሱ ዛፍ ጋር ይዘው አቆሙት። በድንኳን ብረት የመታው ግን ታደለ ራሱ ነው። እኛም በጣሰው አጥር ገብተን ደርሰን ነበር፤ እናቴ መሬት ላይ ተደፍታ የታደለን እግር ስማለች፤ እኔ የአንዱን ዘበኛ እጅ ነክሼ ደሙን ቀምሻለሁ፣ ጥርሴ ስላልበረታ ዛሬም ይቆጨኛል። የአባቴ ክንድ አጥንት ሲሰበር እንደ ደረቅ ጭራሮ ነው የጮኸው። አባቴ አልጮኸም፤ "ዲሲ፣ ኢንተላ ኮ" አለኝ፤ ተይው ልጄ ማለቱ ነው።

ቀኝ ክንዱ ወጌሻ ቢያሸውም ጠምሞ ቀረ፤ በአንድ ክንድ ደግሞ ቀረሮ አይወጣም። ገና አልጋ ላይ ሳለ ዛፉን ቆረጡት። ሲወድቅ መደርደሪያችን ላይ የነበረው ሳህን ሁሉ ተንኳኳ፤ እሱም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ከሳንቃው የካምፑን የምግብ ጠረጴዛ ሠሩበት።

ይህን ሁሉ አዳራሹ ውስጥ ተናገርኩ። ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች ቀሚሴን ይዛ፣ "አንቺ ተቀመጪ፣ ሰውዬው እኮ ሊሞት ነው" ስትለኝ፣ "ታዲያ ሳይሞት ልናገር እንጂ" አልኳት። ታደለ ምርኩዙን ተደግፎ፣ "ልጄ፣ እኔ ንብ የሚባል ነገር ትዝ አይለኝም" አለ። ያኔ የዚያ ባለሱቅ ልጅ ሸምሱ ከጥግ ተነሣና፣ "ጋሼ፣ የአባቴ በቅሎስ? በምን ሞተች፣ በሳል ነው?" ሲል አዳራሹ ሳቀ፤ ሳቁ ሲያልቅ ግን ማንም አላጨበጨበም።

ግዢው ገና አልተወሰነም፤ ስሙን ግን ከሐሳቡ አውጥተውታል አሉ። በዚያው ሳምንት ታደለ ሽማግሌ ላከብኝ። ጥላ ይዘው በራፌ ላይ ቆሙ፤ እሺ እስኪባሉ አይቀመጡም፣ ልማዱ ነው፤ እኔም ወንበር አላቀረብኩም።

ትልቁ ሽማግሌ፣ "ይቅር ማለቱ ቢከብድሽ እንኳ ካሳውን ንገሪን፣ የምትፈልጊውን እናስፈጽማለን" አሉኝ።

አሰብኩ። ዛፉን አቁሙልኝ ልበላቸው? እሱ እስኪያድግ የልጅ ልጆቼም አይደርሱበትም። የአባቴን ክንድ? ከእሱ ጋር ተቀብሯል። ማር ቀምሶ ከየትኛው ዛፍ እንደወረደ የሚያውቀውን ምላሱን? ገመድ አጣጣሉን ለወንድሜ ሊያሳየው ሲገባ ወንድሜ የጎሬ ሚኒባስ ነጂ ሆነ፤ የሰፈራችን ልጆችም ቀና ብለው ዛፍ ላይ ሰው ፈልገው አያውቁም። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸው እየረጠበ አፌን አፌን ያዩ ነበር። አንዱን ላነሣ ስል ሌላው እየጎተተው፣ ሁሉም አሁን በማንም እጅ የሌለ ነገር ሆነብኝ።

የምጠይቀው ሳጣ በሩን ዘጋሁባቸው።