ከጣውላው ሥር ያለው አየር

ክረምቱ አልፎ ትምህርት ቤታችን ሊከፈት ሲል የመጻሕፍት ክፍሉን ቁልፍ የሚይዙት ሰውዬ እኔን አስከትለው በሩን ገፉት። ከዓይኔ በፊት አፍንጫዬ ገባ። የረጠበ አፈር፣ የሻገተ ወረቀት፣ ትንሽም እንጉዳይ እንጉዳይ የሚል ነገር ሸተተኝ። ሰውዬው አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ይዘው ወደ ኋላ አሉ። እኔ ግን ደጃፉ ላይ ቆሜ ዓይኔን ጨፈንኩ። ያ ሽታ ከማስተምርባት ከሉማሜ አንሥቶ ደብረ ማርቆስ፣ አክስቴ ቤት፣ አሥረኛ ክፍል ወደተማርኩበት ዓመት ወስዶኝ ነበር።

በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፤ አስተማሪ ነኝና ከመሃል መጀመር አልወድም።

የወላጆቼ ቤት አምበር አካባቢ፣ ገጠር ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ስደርስ ለትምህርት ደብረ ማርቆስ ሄጄ ከአክስቴ ዘንድ ተቀመጥኩ። አንድ ልጃቸው አዲስ አበባ ሥራ ከያዘ ወዲህ አክስቴና ባለቤቷ ብቻቸውን ነበሩ። ባለቤቷን ጋሼ እላቸው ነበር። አናጢ ነበሩ፤ እኔ ስደርስ ግን የሁለቱም ዓይናቸው ብርሃን ከጠፋ ቆይቷል።

ቤቱ ተዳፋት ላይ የቆመ ነበር። በዚያ ሰፈር የብዙ ሰው ወለል አፈር ሲሆን የአክስቴ ቤት ወለል ግን ጋሼ በጉልምስናቸው ራሳቸው በመላጊያ ልገው የመቱት የጽድ ጣውላ ነበር። ጣውላው መሬት አይነካም። የድንጋዩ መሠረት ከፍ ብሎ ተገንብቶ፣ በላዩ አግዳሚ እንጨቶች ተጋድመው፣ ጣውላው እነሱ ላይ ተመትቷል። ከሥሩ አንድ ክንድ ተኩል የሚሆን ባዶ ቦታ አለ። ድመቷ ትወልድበት ነበር።

እያንዳንዱ ጣውላ የራሱ ድምፅ ነበረው። ከበሩ ሲገቡ አራተኛዋ ታቃስታለች። ከአልጋው ራስጌ ያለችው ሁለት ጊዜ ሲጥ ሲጥ ትላለች። ከመስኮቱ ሥር ያሉት ደግሞ ወፍራም፣ እንደ ከበሮ ውስጥ ውስጡን የሚያስተጋቡ ነበሩ። ጋሼ ከደጅ በዱላና በሰው ትከሻ ነበር የሚሄዱት። መቃኑ ጋ ሲደርሱ ግን ዱላቸውን ያስደግፉና ቀጥ ብለው ይገባሉ። ውሃ ከእንስራ ይቀዳሉ፣ ሣጥን ይከፍታሉ፣ መስኮት ይዘጋሉ። አክስቴ ትስቅባቸው ነበር። ዓይን ያላት እሷ ከወንበሩ እየተላተመች እሳቸው እንደ ሙሽራ እንደሚንጎራደዱ ለጎረቤት ሁሉ ታወራ ነበር።

ደግሞ ብርሃኑ ነበር። በበጋ፣ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል፣ ብርሃን ከቤቱ በታች ይገባና በጣውላዎቹ ስንጥቅ ወደ ላይ ይወጣል። ወለሉ ላይ የብርሃን ድር የተዘረጋ ይመስል ነበር። ደብተሬን ጭኔ ላይ አድርጌ ቁጭ እላለሁ፤ አቧራው በብርሃኑ ውስጥ ቀስ እያለ ሲወጣ አያለሁ፤ ቤቱ ከምድር ተነሥቶ የሚንሳፈፍ ይመስለኝ ነበር። ብርሃኑ በየት በኩል እንደሚገባ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም።

የሚገባው በመሠረቱ ድንጋይ መካከል በተተዉ ስምንት ቀዳዳዎች ነበር፤ አራቱ ከፊት፣ አራቱ ከኋላ። ይህን ያወቅሁት ካበላሸሁት በኋላ ነው።

ለፋሲካ ቤት ማደስ ልማድ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ፣ በሁዳዴ መጨረሻ አክስቴና እኔ ጭቃ በጭድ አቡክተን የውጪውን ግድግዳ መረግን። የታችኛው የእኔ ድርሻ ነበር። ሥራ ስይዝ ደግሞ ጣጣ አልወድም፤ ሁሉ ነገር እኩል፣ ልስልስ፣ ቀጥ ያለ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ቀዳዳዎቹን ሳይ ግንበኛው ድንጋይ አንሶት የተዋቸው መሰለኝ። አይጥ መግቢያ ከመሆን ሌላ ምን ይሠራሉ ብዬ ስምንቱንም በጠጠር ሞላሁ፤ በጭቃ ደፈንኩ፤ በመዳፌ አለሰለስኩ። አክስቴ እጄን መረቀችው። ጋሼ ሳይቀሩ ግድግዳውን በጣታቸው እየዳሰሱ ሄደው ጎበዝ አሉኝ። ጎንበስ ብለው ታችኛውን አልነኩም።

ክረምቱ ገባ። የጎጃምን ክረምት ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። በዚያ ዓመት ከፋሲካ ጀምሮ ሰማዩ ስለደመነ የብርሃኑን መጥፋት አላስተዋልኩም። በሐምሌ መጨረሻ ቤቱ መሽተት ጀመረ። አክስቴ እኔን የረጠበ ልብስ ከአልጋ ሥር ትሸጉጫለሽ ብላ ተቆጣች፤ ፈልጋ አጣች። መጀመሪያ የገባቸው ጋሼ ናቸው። አንድ ጠዋት ከአልጋቸው ወርደው ሁለት እርምጃ ሄዱና ቆሙ። እግራቸውን አንሥተው መልሰው ጣሉ።

«ይህ ቤት ጉንፋን ይዞታል» አሉ።

«ጉንፋን የያዘውስ አንተን ነው» አለቻቸው አክስቴ። «አፍህን ሸፍን።»

ግን እውነታቸውን ነበር። ጣውላዎቹ ውሃ ጠጥተው አብጠው ነበር፤ ድምፃቸው ታፍኗል፤ አራተኛዋና አምስተኛዋ አይለዩም። በዚያው ሳምንት ጋሼ ከሣጥኑ ጠርዝ ጋር ተጋጩ። በሚቀጥለው ሳምንት ከምሰሶው ጋር። በነሐሴ ዱላቸውን ከመቃኑ አንሥተው ይዘው መግባት ጀመሩ። ማንም ስለዚህ ነገር አላወራም። እኔ ግን ዱላው ወለሉን ቀው ቀው ሲያደርግ ስሰማ ቤቱ የእንግዳ ቤት የሆነ ያህል ይሰማኝ ነበር።

መስከረም ውስጥ፣ እንቁጣጣሽ ባለፈ በሳምንቱ፣ ከበሩ አጠገብ አንዱ ጣውላ ተሰበረና የጋሼ እግር እስከ ጉልበታቸው ሰመጠ። አጥንት አልተነካም፤ ቅልጥማቸው ግን ተላጠ።

ልጃቸው ለመስቀል መጣ። አባቱ በገዛ ቤታቸው በዱላ ሲሄዱ አየ፤ ቁስሉን አየ፤ ምሳ ሳይበላ ወጥቶ የቤቱን ዙሪያ ዞረ። ተመልሶ ሲገባ ወስኖ ነበር። ጣውላው ተነቅሎ ጉድጓዱ በድንጋይ ይሞላል፣ ሲሚንቶ ይፈስበታል። የሚለው በክፋት አልነበረም። ሲሚንቶ አይሰበርም፣ አይበሰብስም፣ ይታጠባል።

ጋሼ ተረከዛቸውን ጣውላው ላይ ጫን አደረጉ። ከዚያ እንዲህ አሉት፦

«ልጄ፣ ሲሚንቶ ላይ እኔ ዕውር ነኝ።»

በመጨረሻ አክስቴ ገብታበት እስከ ኅዳር ሚካኤል ቀን ተሰጠ። እስከዚያ ወለሉ ደርቆ ከጠና ይቆያል፤ ካልጠና ሲሚንቶው ይገባል።

እሱ እንደሄደ ጋሼ በተሰበረው ጣውላ በኩል እጄን ወደ ታች እንድሰድ አዘዙኝ። ንፋስ ይሰማሽ እንደሆነ ንገሪኝ አሉ። ምንም አልነበረም፤ እንደ ተዘጋ ማድጋ ውስጥ ሙቅ፣ የቆመ አየር ነበር። «ቀዳዳዎቹስ?» ሲሉኝ ያኔ፣ በዚያች ቅጽበት፣ ሁሉ ነገር ገባኝ። ወጥቼ ልይ አልኳቸውና መዶሻ ይዤ በቤቱ ዙሪያ እየተንበረከክሁ ስምንቱንም ፈለፈልኳቸው። ተመልሼ ገብቼ ተዘግተው ነበር፣ ከፈትኳቸው አልኩ። ማን እንደዘጋቸው አልነገርኳቸውም። እሳቸውም አልጠየቁኝም።

ከዚያ ያስተማሩኝን ዛሬ ለተማሪዎቼ አሳያለሁ። የላስቲክ ቁራጭ አፈሩ ላይ አንጥፊ፣ ዳርና ዳሩን ድንጋይ ጫኚበት፣ ነገ ገልብጪው አሉኝ። እርጥበቱ ከላስቲኩ በላይ ከሆነ ከአየር የመጣ ነው፤ ከሥሩ ከሆነ መሬቱ ራሱ እያላበ ነው። በማግስቱ ስገለብጠው ከሥሩ ያለው ላብ ጠብታ ጠብታ ሆኖ ወደ ክንዴ ወረደ። ስለዚህ ሥራው ሦስት ነበር። ከተዳፋቱ የሚወርደው ውሃ ከቤቱ በላይ ቦይ ተቆፍሮለት ዞሮ እንዲሄድ፤ ከወለሉ ሥር ያለው አፈር በላስቲክ እንዲሸፈን፤ በቀዳዳዎቹ ደግሞ አየር እንዲመላለስ።

ቦዩን አክስቴና እኔ ቆፈርን፤ ጋሼ ዳሩ ላይ ተቀምጠው የዶማውን ድምፅ እየሰሙ እዚህ ጋ ጠለቀ፣ እዚያ ጋ ጎደለ ይሉናል። አክስቴ ላቧን እየጠረገች ዓይን ቢኖርህማ ኖሮ በሕይወት አታስቀረንም ነበር ትላቸዋለች። ላስቲኩን ከየጎረቤቱ ከማዳበሪያ ከረጢት ውስጠኛ ገበር ሰበሰብን፤ አክስቴ በወስፌ ገጣጥማ ሰፋችው። ከወለሉ ሥር ገብቶ የሚያነጥፍ ቀጭን ሰው ያስፈልግ ነበር። ቀጭኗ እኔ ነበርኩ።

በዚያ ጥቅምት፣ ከትምህርት ቤት መልስ፣ የበሰበሱት ሁለት ጣውላዎች በተነቀሉበት ክፍተት በየቀኑ ከቤቱ ሥር እገባ ነበር። ያን ቦታ እስከ ዛሬ በሕልሜ አየዋለሁ። በደረቴ ተኝቼ እየተሳብኩ የረጠበውን ፍርስራሽ በሳፋ አወጣለሁ፣ ላስቲኩን ክንድ በክንድ እዘረጋለሁ። የማታዋ ፀሐይ በምዕራቡ ቀዳዳዎች ትገባና ጨለማው ውስጥ አራት የብርሃን ዘንጎች ይጋደማሉ። ንፋሱ ከአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ የጽዱ ሽታ ከሻጋታው ሥር ቀስ በቀስ ይመለሳል። ከላይ የአክስቴ እግር ይሰማኛል፣ የጋሼ ዱላ ይሰማኛል። ከቤቱ ሰዎች በታች፣ ከምድር በላይ፣ የትም ያልሆነ ቦታ ነበር።

አንድ ቀን አክስቴ ገበያ ሄዳ ጋሼና እኔ ብቻችንን ነበርን፤ እሳቸው ከላይ፣ እኔ ከታች። ዱላው ከራሴ በላይ መጥቶ ቆመ። ፊታቸውን ስለማላይ ይሆናል፣ አፌ ተከፈተ።

«ጋሼ።»

«አለሁ።»

«ቀዳዳዎቹን የደፈንኳቸው እኔ ነኝ። ለፋሲካ ስንመርግ። ግንበኛው የረሳቸው መስሎኝ ነበር።»

ከላይ ጣውላዎቹ አቃሰቱ፤ ቁጭ ማለታቸው ነበር። ድምፃቸው በስንጥቁ በኩል ከጆሮዬ አጠገብ መጣ።

«ስምንቱንም?»

«ስምንቱንም።»

«አለሰለስሽው?»

«አለሰለስኩት።»

ሳቃቸው ጣውላውን አነዘረው። ከዚያ ሳቁ አለቀ።

«ይህን ቤት ከሠራሁ ጀምሮ ቀዳዳው ለምን እንደሆነ ለማንም ነግሬ አላውቅም» አሉ። «አክስትሽም አታውቅም፣ ልጄም አያውቅም። ዓይኔ እያለ እኔ አየዋለሁ ብዬ። ነግሬሽ ቢሆን ትደፍኚው ነበር?»

«አልደፍነውም።»

«እንግዲያ ነይ ውጪ፣ ይበርድሻል።»

ቶሎ አልወጣሁም። ላስቲኩ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ እንባዬ ወደ ጆሮዬ እስኪወርድ ድረስ ቆየሁ።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ልጃቸው መጣ፤ ሲሚንቶውን በአይሱዙ አስጭኖ ነበር፤ ደጃፉ ላይ አወረደው። ከወለሉ ሁለት ጣውላዎች በባሕር ዛፍ ተተክተዋል፤ ሌሎቹ ደርቀው ነበር። ልጁ እየዞረ በተረከዙ መታቸው። እንደጠኑ አየ፤ ግን የመጣበትን ነገር መተው ከበደው።

«ጫማህን አውልቅ» አሉት ጋሼ ከአልጋው ጠርዝ ላይ ሆነው። «የፈለግህበት ሂድና ቁም። የት እንደሆንክ እነግርሃለሁ።»

«አባዬ፣ ልጆች ነን እንዴ?»

«አውልቅ እንጂ።»

በካልሲ ተራመደ። ጋሼ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ነበር። መስኮቱ ጋ ነህ አሉት። ከሣጥኑ ጎን ነህ አሉት። ቀስ ብሎ፣ እንደ ድመት፣ ወደ አክስቴ ሄደ። «አሁን እናትህ ፊት ቆመሃል። ለምን ዝም ትላታለህ?» አሉት። እሱም ፈገግ አለና በረጅም እርምጃ ወደ በሩ ተሻገረ።

ጋሼ ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«እሷ አዲሷ ጣውላ ናት» አሉ በመጨረሻ። «ከእሷ ጋር ገና አልተዋወቅንም።»

በማግስቱ ልጁ ሲሚንቶውን አክስቴና እኔ በቆፈርነው ቦይ ውስጥ አፈሰሰው፤ ውሃው ዳግመኛ ወደ ቤቱ እንዳይሰርግ። የጋሼ ዱላ ወደ መቃኑ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ጋሼ ብዙ ክረምት አልኖሩም። እኔ መምህራን ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ አረፉ። ካረፉ በሁለተኛው በጋ ልጃቸው ወለሉን ሲሚንቶ አደረገው። አልወቅሰውም፤ አክስቴ አርጅታለች፣ ብቻዋን ናት፣ ቦዩን የሚጠርግላት፣ ቀዳዳውን የሚያይላት የለም። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ አደርግ ነበር።

ባለፈው ጥር ልጠይቃት ሄድኩ። በሩ ክፍት ነበር። ፊቷን ወደ መስኮቱ አድርጋ ጥጥ ትፈለቅቃለች። አጠገቧ ደርሼ ትከሻዋን ስነካት ክው አለች፤ ጥጡ ከእጇ ወደቀ። አንሥቼ ሰጠኋት። ልቧ እስኪመለስ እጄን ይዛ ቆየች።

«ሲሚንቶው ጥሩ ነው» አለችኝ በእግሯ እያሻሸችው። «ድሮ ግን ማን እንደገባ ሳልዞር አውቅ ነበር። አሁን ሰው አጠገቤ እስኪደርስ ድረስ ማንም የሌለ ይመስለኛል።»

ከዚያ ወዲህ እሷ ዘንድ ስሄድ ገና ከአጥሩ በር ጀምሬ እያወራሁ ነው የምገባው።