ውስጡ የጠበበው ቡፌ

«ሚሊ» የሚለው ቅጽል ስም በሙገሳ የወጣለት እንዳይመስላችሁ። እንግዳ ሰው ሲሰማው «ሚሊሜትር የማያልፈው ጠንቃቃ አናጢ» ማለት ይመስለዋል፤ ሚሊም እንዲያ ሲመስላቸው ደስ ይለዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ስሙ የወጣለት በስላቅ ነው፤ ለገዛ ወንድሙ ቡፌ ሲሠራ ልኩን ስቷል ተብሎ።

ቡፌው ዛሬም ከወንድሙ ሳሎን ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ቁመቱ ከሰው ይበልጣል፣ በሮቹ ባለ መስታወት ናቸው፣ ከታች መሳቢያዎች አሉት። ከጎን ሲያዩት ጥልቀቱ ክንድ ይሞላል። ሲከፍቱት ግን ውስጡ ከስንዝር አይዘልም። ሳህን አግድም አይገባበትም፤ በግድ ቢያስገቡት በሩ አልዘጋም ይላል። የሚሆነው ለብርጭቆ ብቻ ነው፣ ለዚያውም ለአንድ ረድፍ። አንድ ቀን አንዱ ጎረቤት ይህን አይቶ «ለመሆኑ ሜትሩን ከየትኛው ጫፍ ነው የምትጀምረው?» አለው። ሳሎኑ በሳቅ ፈነዳ፤ ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ በሙሉ «ሚሊ» ይለዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሙ የደን ጠባቂ ነበር። አባታቸው ሲሞቱ ሚሊ ገና ልጅ ስለነበር አሳድጎ ሙያ ያስተማረው፣ የመጀመሪያ መላጊያውንም የገዛለት እሱ ነው። ሚሊ እስከ ዛሬ «ወንድም ጋሼ» ይለዋል፤ በፊቱ እግሩን አነባብሮ ተቀምጦ አያውቅም። ከአባታቸው የቀረ ጠመንጃም ነበር፣ ፈቃድ ያለው። ወንድም ጋሼ በጨርቅ ጠቅልሎ አልጋ ሥር ያስቀምጠዋል።

አንድ ከሰዓት በኋላ የወንድም ጋሼ ሴት ልጅ፣ የወተት ጥርሷ እንኳ ያልወለቀ፣ ያንን ጠመንጃ ጎትታ አወጣችው። በእናቷ ሻርፕ ጠቀለለችው፤ ከሳሎኑ መሀል ቁጭ ብላ እሹሩሩ ትለው ጀመር። እናቷ ከጓዳ ስትወጣ የጠመንጃው አፍ የልጅቷ አገጭ ሥር ነበር። ሚሊ «እትዬ» የሚላት ይቺ የወንድሙ ሚስት ድምፅ ያላት ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን አልጮኸችም። ጠመንጃውን ቀስ ብላ ተቀበለቻት። ማታ ባሏ ሲገባ «ወይ ይሄ ነገር፣ ወይ እኔና ልጄ» አለችው።

በማግስቱ ወንድም ጋሼ ሚሊ ወርክሾፕ መጣ። ፊቱ ጠቁሯል። የጣውላ ክምር ላይ ተቀመጠ።

«የብረት ሳጥን ባቆም ገቢ ወጪው ‹ምንድን ነው?› ይለኛል» አለ። «ዕቃ ይምሰል። ግን ልጅ እንዳይከፍተው፣ ሌባም እንዳይነቅለው።»

«ይሠራል፣ ወንድም ጋሼ።»

«ለማንም ትንፍሽ እንዳትል። ለሚስትህም ቢሆን። ዝም አይነቅዝም።»

ሚሊ በዕድሜው እንደዚያ ተጠብቦ ሠርቶ አያውቅም። ለአንድ ብረት በያጅ «የአናጢ ዕቃዬ ማስቀመጫ ነው» ብሎ ከወፍራም ላሜራ ረዥም ሳጥን አስበየደ። ለጥይቱ ራሱን የቻለ ሌላ ቁልፍ ያለው ትንሽ ሳጥን ጨመረ። ብረቱን በረዣዥም ብሎን ከግድግዳው ጋር አሰረና፣ ቡፌውን በዙሪያው ልክ እንደ ኮት ለክቶ አለበሰው። የብርጭቆው መደርደሪያ ራሱ በር ነው። የታችኛው መሳቢያ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ፣ ከጀርባው ያለ የእንጨት መወርወሪያ ሲሳብ መደርደሪያው ከነብርጭቆው ዞሮ ይወጣል። ያኔ ብርጭቆዎቹ ይንጫጫሉ። ይህን ያደረገው ሆን ብሎ ነው፤ ማንም ይክፈተው ማን፣ እትዬ ከጓዳም ሆና ትሰማለች።

ሥራው ሲያልቅ ወንድም ጋሼ ከፈተ፣ ዘጋ። እንደገና ከፈተ፣ ዘጋ። ሚሊ መላጊያውን ታቅፎ እንደ ተማሪ ይጠብቃል።

«አይከፋም» አለ ወንድም ጋሼ። በቃ፣ ይኸው ነው። ሰውዬው ምስጋና ከኪሱ የሚወጣ ይመስል ይሰስታል።

ከዚያ የጎረቤቱ ቀልድ መጣ። ሚሊ ምን ይበል? «ከጀርባው ብረት አለ» ቢል ምስጢሩ ወጣ። ጥርሱን ነክሶ ዋጠው። እሱን ያንገበገበው የጎረቤቱ ሳቅ አልነበረም፤ ወንድም ጋሼም አብሮ መሳቁ ነው። ምስጢሩን ለመሸፈን ነው ይበሉ፣ ግን እንባው እስኪወርድ መሳቅ ምን አመጣው? የሚሊ ሚስት እንኳ «እንዴት ለወንድምህ ትሳሳታለህ?» ብላ ስትወቅሰው «ዓይኔን አሞኝ ነበር» አላት። በቡፌው የተነሣ ሥራውን ለሌላ የሰጡበት ደንበኞችም አልጠፉም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። የሚሊ ራስ ተመልጦ አለቀ፤ አፉ ግን አላመለጠውም።

ደግሞም ደጉ ጊዜ ያ ነበር። ወንድም ጋሼ ዕረፍት ሲሆን ወርክሾፑ ይመጣል፤ ፍቅፋቂው ውስጥ እግሩን ዘርግቶ ስለ ደኑ ያወራል፣ የሚሊን በሮች አንድ በአንድ ይተቻል። ጠመንጃውን ዘይት የሚቀባ ቀን ብርጭቆዎቹ ሲንጫጩ ልጅቷ «እማዬ ዕቃ እያጠበች ነው» ትላለች። ሁለቱ ወንድማማቾች ዓይን ለዓይን ይተያያሉ። ያቺ አስተያየት ለሚሊ ከሙገሳ ባትስተካከልም ታጽናናው ነበር። ዓለም ሁሉ ቢስቅ፣ አንድ የሚያውቅለት ሰው አለ።

ያ አንድ ሰው ነው እንግዲህ ሲያረጅ መርሳት የጀመረው። መጀመሪያ የሰው ስም ጠፋው፤ ቀጥሎ የቤቱ መንገድ። ከዚያ ጠዋት ጠዋት የድሮ የሥራ ካፖርቱን እየለበሰ «ጠመንጃዬን ማን ወሰደው? ደኑ ያለ ጠባቂ ዋለ!» ማለት አመጣ። አልጋ ሥር ተንበርክኮ ይፈልጋል። ቡፌው ከልጁ የደበቀውን አሁን ከራሱ ደበቀው። እትዬ ግን ፈራች። ጭንቅላቱ የረሳውን እጁ አንድ ቀን ቢያስታውስስ? ልጅቷ አድጋ ወልዳ፣ የልጅ ልጆች በዚያ ሳሎን ይቦርቃሉ።

«ለፖሊስ ነግሬያለሁ፣ ከሰዓት መጥተው ይረከቡኛል» አለችው ሚሊን በስልክ። «ቁልፉ እኔ ጋ ነው። መወርወሪያው ግን እንጨቱ አብጦ አልሳብ አለኝ። ቶሎ ድረስልኝ።»

ሚሊ የመሣሪያ ቦርሳውን አንግቶ ሲገባ ወንድም ጋሼ ካፖርቱን እንደለበሰ ሶፋ ላይ ተቀምጧል። ቦርሳውን አየና «አናጢ ነዎት?» አለው።

ሚሊ ክው አለ። ከተወለደ ጀምሮ ወንድሙ «አንቱ» ብሎት አያውቅም።

«አዎ፣ አናጢ ነኝ።»

«እንግዲያው ይቺን ቡፌ ይዩልኝ» አለ ወንድም ጋሼ እየሳቀ። «የሠራት ሰውዬ ልክ የሚባል አያውቅም። ሳህን እንኳ አይገባባትም!»

ሁሉን ረስቶ ቀልዱን አልረሳውም! የሚሊ ቆሽት አረረ። ተንበርክኮ መሳቢያውን አወጣ፣ ያበጠውን ጠርዝ በመሮ ላጥ ላጥ አደረገና መወርወሪያውን ሳበ። መደርደሪያው ዞረ፤ ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ።

ወንድም ጋሼ ድምፁን ሲሰማ ብድግ አለ። መጥቶ የተቆለፈውን ብረት አየ፣ መዳፉን አሳረፈበት። ከዚያ ስንዝሩን ዘርግቶ ከፊት እስከ ግድግዳው ለካ። ደግሞ ለካ።

«ሰውዬው አልተሳሳተም» አለ ቀስ ብሎ። «ማን ነው የሠራው?»

«ታናሽ ወንድምዎ ነው።»

«ታዲያ ሲስቁበት ለምን ዝም አለ?»

«ለልጅቷ ብሎ። እርስዎም አደራ ብለውት ነበር።»

«እኔስ? እኔ ምን አልኩ?»

«ምንም አላሉም» ማለት ይቻል ነበር። ሚሊ ግን ብዙ ዘመን ውጧል።

«ከሰዎቹ ጋር ሳቁ።»

ወንድም ጋሼ እጁን መልሶ ብረቱ ላይ አሳረፈ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«የሚያገኙት ከሆነ ይንገሩልኝ» አለ። «ወንድምህ ይቅርታ ጠይቆሃል ይበሉት። እንዲህ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም ብሏል ይበሉት። ዛሬውኑ ይንገሩት፤ እኔ እረሳዋለሁ።»

«እነግረዋለሁ» አለ ሚሊ። «እነግረዋለሁ፣ ወንድም ጋሼ።»