አሥራ ሁለት ቃላትና የሐጂ ኪኒን

የሳይኮሎጂ መምህራችን ለገለጻ የሚሆን ርእስ ሲያከፋፍል፣ እጄን ያነሣሁት ርእሱ ምን እንደሆነ ሳልሰማ ነው። መምህር ፊት ቀድሞ መታየት እወዳለሁ፤ ምን ላድርግ። ስለዚህ ይህ ጥያቄ የእኔ ሆኖ ቀረ፦ አእምሮ ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚጨምር መድኃኒት ከአእምሮ ልምምድ ጋር አብሮ ቢሰጥ፣ ጤነኛ የሆኑ ሽማግሌዎች ነገር እንዲይዙ ይረዳል ወይ? ከኋላዬ ለተቀመጠችው ልጅ "የእንቅልፍ ጥቅም" ደረሳት። እሷ እስከ ገለጻው ቀን ድረስ በተግባር ስትዘጋጅ ከረመች።

እኔ ግን በምማርበት ወልድያ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። የገባኝ ይህ ነው፦ ዶፓሚን ለእንቅስቃሴም፣ አዲስ ነገር ለመማርም ያስፈልጋል። ሰው ሲያረጅ እየቀነሰ ይሄዳል። ፓርኪንሰን የሚባለው በሽታ ሲይዝ ደግሞ በጣም ስለሚቀንስ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እግር ይተሳሰራል፤ ለነዚህ ሰዎች ጉድለቱ በኪኒን ይሞላላቸዋል። ለጤነኛ ሰውስ? እሱ ገና አልተረጋገጠም፤ ጉዳትም ሊኖረው ይችላል። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ደብተሬ ጥግ ላይ በትንንሽ ፊደል ጻፍኳት፤ ገለጻዬን የምታደበዝዝ መሰለኝ።

ከመጽሐፍ የተገለበጠ ነገር ብቻ ይዞ መቅረብ አሳፈረኝ። ልምምዱን በሰው ላይ ላየው ፈለግሁ። ሽማግሌ ደግሞ ከቤቴ በረንዳ አይጠፋም።

ያደግሁት ከወልድያ ብዙም በማትርቀው መርሳ ከተማ፣ አያቴ ዘንድ ነው። ቤታችን አስፋልቱን ፊት ለፊት ያያል። ከምሳ በኋላ በረንዳው ላይ ሦስት ሰዎች ይቀመጣሉ። አንዱ አያቴ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ላይ የጨረሱ ሾፌር። ከአሰብ እስከ ደሴ ያለውን ኩርባ ሁሉ በተራ ይቆጥራሉ፤ መነጽራቸውን ግን በቀን ሦስት ጊዜ ያጡታል። ሁለተኛው ጋሼ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የሂሳብ አስተማሪ፣ የከተማውን ግማሽ ያስተማሩ፣ የቀረውን የገረፉ። ሦስተኛው ሐጂ ናቸው፤ ግራና በምትባል አገር ሲያርሱ ኖረው አሁን ከሚስታቸው ጋር ከእኛ አጠገብ ይኖራሉ።

ፓርኪንሰን ያለባቸው ሐጂ ናቸው። ኪኒናቸውን በሰዓቱ ሲውጡ ያለ ምርኩዝ ይራመዳሉ፤ ካልዋጡ እግራቸው በሲሚንቶ የተለሰነ ይመስል ይቆማል። ከሁሉ የሚበልጥባቸው ዓርብ ነው። "ጁምዓን በእግሬ እስከሄድኩ ድረስ ማንም ሽማግሌ አይበለኝ" ይላሉ። አንድ ጊዜ ባጃጅ ሊያሳፍራቸው የሞከረን ልጃቸውን ለሳምንት አኩርፈውታል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ሦስቱን አስቀምጬ አሥራ ሁለት ቃላት አነበብኩላቸው፦ ጎማ፣ ብርቱካን፣ ደብዳቤ፣ ግመል፣ ሳሙና፣ ጃንጥላ፣ ቁልፍ፣ ማሽላ፣ ድልድይ፣ ጥፍር፣ ራዲዮ፣ አህያ።

"ይኸ ምን ይሠራል?" አሉ አያቴ።

"የአእምሮ ስፖርት ነው፣ አባባ።"

"የኔ አእምሮ ስፖርት ሠርቶ አያውቅም፤ ታሞም አያውቅ።"

በመጀመሪያው ዙር አያቴ አራት፣ ሐጂ አምስት፣ ጋሼ ስድስት ቃል ያዙ። ደግሜ አነበብኩ። በሁለተኛው ዙር አያቴ የፊተኞቹን አራት ቃላት አንበልብለው ዝም አሉ። ጋሼ ከሳሙና ተቀብለው ማሽላ ላይ አቆሙ። ሐጂ ከድልድይ እስከ አህያ ያለውን ጨረሱት። አንድ ስሕተት የለም። ሦስቱም ክፍያ እንደሚጠብቅ ሰው አዩኝ።

"እንዲህ አይሆንም!" አልኩ። "አንድ ሰው ነው አሥራ ሁለቱንም የሚይዘው።"

"ለምን ሲባል?" አሉ ሐጂ። "ሦስት ሰው ቁጭ ብሎ እያየ አንዱ ብቻውን አሥራ ሁለት ይሸከማል? ማሽላ እንኳ ሲደርስ በጅጌ ነው የሚታጨድ፤ ጎረቤት ተጠራርቶ።"

"ኩረጃ ነው" አልኩና ወደ ጋሼ ዞርኩ፤ እሳቸው እንኳ ይረዱኛል ብዬ።

"ኩረጃ ሌላ ነው" አሉ ጋሼ ኮስተር ብለው። "ይኸ የሥራ ክፍፍል ይባላል።"

ለያየኋቸው። አንዱን ሳሎን፣ አንዱን በረንዳ፣ አንዱን በር አጠገብ አስቀምጬ እየዞርኩ ጠየቅሁ። ውጤታቸው ወረደ፤ ፊታቸውም አብሮ ወረደ። ሰው በእኔ ምክንያት ሲከፋው ማየት አልችልም፤ ላጽናናቸው ብዬ አፌን ከፈትኩ። ስለ ዶፓሚን ነገርኳቸው። "እንዲያውም ሐጂ የሚውጡት ኪኒን" አልኩ፣ "ለጤነኛ ሽማግሌም ቶሎ ለመማር ይረዳው እንደሆነ የሚጠይቁ ሊቃውንት አሉ።"

ሐጂ ቀና አሉ። "የኔ ኪኒን?"

ያን ኪኒን ሁልጊዜ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነበር የሚውጡት። ያን ዕለት ከኪሳቸው አወጡና አዲስ ሰዓት እንደገዛ ሰው ለሁለቱ አሳዩ። ደስ አላቸው፤ እኔም ደስ አለኝ። በትንንሽ ፊደል የጻፍኩትን አልነገርኳቸውም።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ውጤቱ እየጨመረ ሄደ። አያቴ ስምንት፣ ቀጥሎ ዐሥር፤ በአራተኛው ቅዳሜ ደግሞ አሥራ አንድ። በሦስት ቀለም ግራፍ ሠራሁ። ለመምህሩ ሳሳየው "ጥሩ ነው፣ ቀጥዪ" አለኝና ያን ቀን ምሳ ሳልበላ ዋልኩ፤ ጠግቤ።

ግራፉ ላይ ያልሣልኩት ነገር ነበር። አያቴ ከምሳ በኋላ ያቅለሸልሻቸው ጀመር። ጋሼ ቅዳሴ ላይ ከተቀመጡበት ሲነሡ ዞሮባቸው የፊት ለፊቱን ሰው ጋቢ ይዘው ነው የተረፉት። ሐጂ ደግሞ ሻይ ሲጠጡ ግማሹ የሚፈሰው ልብሳቸው ላይ ሆነ። እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት። እርጅና ለአንደኛ ዓመት ተማሪ ሁሉን ነገር ይመልሳል።

በአምስተኛው ቅዳሜ ከወልድያ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ቶሎ ስለሞላ ከወትሮዬ ቀድሜ ደረስኩ። ሦስቱም በረንዳው ላይ በአንድ ሳህን ዙሪያ አጎንብሰዋል። ጋሼ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ በምላጭ አንዲት ኪኒን ለሦስት እየከፈሉ ነው።

"የኔ አነሰች" አሉ አያቴ።

"እኩል ነው። ሂሳብ አስተምሬሃለሁ እንዴ ልትከራከረኝ?"

ሐጂ "ቢስሚላህ" አሉ፤ ጋሼና አያቴ አማተቡ፤ ሦስቱም በአንድ ላይ ዋጡ።

"ሐጂ! ምን እያደረጉ ነው?" ጮህኩ።

ሐጂ አልደነገጡም። "አንቺው አይደለሽ ለሁሉም ይጠቅማል ያልሽ?"

"እኔ እንደዚያ አላልኩም! የእርስዎ መድኃኒት እኮ ነው!"

"ታዲያስ? እነዚህ አፌን እያዩ ብቻዬን ልዋጥ? እኔ እንዲያ ያለ ሰው ነኝ?"

"እኔና እሱ" አሉ አያቴ፣ "ስንት ነገር ተካፍለናል። ኪኒን ላይ ስንደርስ ልግደርደር?"

ጠይቄ ሳጣራ፣ በየቀኑ የቀትሩን ኪኒን ነበር የሚካፈሉት። ልምምዱ ከበድ ሲልባቸው ደግሞ የማታውም ይጨመር ነበር። ወዲያው አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

"ሐጂ፣ ትናንት ጁምዓ ሄዱ?"

ሳህኑን ወደ ጋሼ ገፋ አደረጉት።

"ያለፈውስ ዓርብ?"

"ቤት ሰገድኩ" አሉ፤ ድምፃቸው ቀጠነ። "እግሬ እንቢ አለ። የአላህ ሥራ ነው።"

የአላህ ሥራ አልነበረም። የእኔ ነበር። ላስደስታቸው ብዬ በተናገርኩት ምክንያት፣ ሰውየው እግራቸውን ለጓደኞቻቸው እያከፋፈሉ ነበር።

"ለባለቤትዎ እነግራለሁ" አልኩ።

"ተይ፣ ልጄ" አሉ ሐጂ። "ለሷ ከነገርሽ እንደ ሕፃን አፌን ከፍታ ነው የምታስውጠኝ።"

"ምን አስቸኮለሽ" አሉ ጋሼ። አያቴ በልጅነቴ ወተት ስደፋ እንደሚያዩኝ አዩኝ። በሕይወቴ እሳቸውን ለማስቀየም አስቤ አላውቅም። ያም ሆኖ ወደ ጎረቤት ሄድኩ።

የሐጂ ሚስት ሰፌድ ይዘው ማሽላ እየለቀሙ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። "እኔኮ" አሉ፣ "በሽታው ባሰበት ብዬ እየተደበቅሁ ሳለቅስ ነው የከረምኩ።" ከዚያ ሰፌዱን እንደያዙ ተነሥተው በረንዳችን ላይ ደረሱ።

"አንቱ!" አሉ ባላቸውን። "ኪኒኑንስ አካፈሉ። መንቀጥቀጡን ለማን ለማን ሰጡ?"

ከዚያ ወደ ሁለቱ ዞሩ።

"እናንተስ? ሽበታችሁን አታፍሩም? ይኸ ሰውዬ ሲወድቅ አሥራ ሁለት ቃል ልትቆጥሩለት ነው?"

አያቴ ጎንበስ ብለው መነጽራቸውን ፈለጉ። ዓይናቸው ላይ ነበር።

ሰኞ ጠዋት የሐጂ ሚስት ሦስቱንም ከእኔ ጋር የወልድያ ሚኒባስ ላይ አሳፈሩ። "ተካፍላችሁ ከዋጣችሁ ተካፍላችሁ ተመርመሩ" ብለው። ሲሪንቃን ስናልፍ በመስኮት ወደ ውጭ እያየሁ "ቢያንስ ልምምዱ ሠርቷል፤ ውጤቱ ጨምሯል" አልኩ፤ እንደ መጽናኛ።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ፣ ቅር እንዳይልሽ። በመጣሽ ቁጥር የጠየቅሽን ያንኑ አሥራ ሁለት ቃል ነው።"

ደብተሬን ከፈትኩ። ጎማ፣ ብርቱካን፣ ደብዳቤ። እውነታቸውን ነው። አንድም ቀን ቃላቱን አልቀየርኩም።

"ባለቤቴም ታውቃቸዋለች" አሉ ጋሼ። "ከግመል ቀጥሎ ሳሙና።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"ደስ ብሎሽ ነበራ።"

ወልድያ ያየን ሐኪም ወጣት ነበር፤ ሳቁን ለመያዝ ሲል ሁለት ጊዜ ወረቀት ፈለገ። ከዚያ ግን ኮስተር ብሎ ለሐጂ የኪኒኑን ሰዓት አስተካክሎ ጻፈላቸው። እንዲህ ያለ መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንደማይቀነስ፣ በድንገትም እንደማይቆም፣ ለማንም እንደማይሰጥ ነገራቸው። ለአያቴና ለጋሼ "እናንተ ጤነኞች ናችሁ፤ የምሰጣችሁ የለም" ሲላቸው አያቴ ተቀየሙ። ይህን ያህል መንገድ ተጉዘው ባዶ እጃቸውን መመለሳቸው ነው። ከሁሉም ወደ ኋላ ቀርቼ ለሐኪሙ "ካነበብኩት ግማሹን ብቻ ነግሬአቸው ይህን ያመጣሁት እኔ ነኝ" አልኩት። "የሚያነቡትን እስከ መጨረሻው መናገር ጥሩ ነው" አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ገለጻውን አቀረብኩ። ግራፌን ሰቅዬ፣ የሚያሳየው አንድ ነገር ብቻ እንደሆነ ተናገርኩ፦ አንድ ሽማግሌ ያንኑ አሥራ ሁለት ቃል በተደጋጋሚ ከተጠየቀ ይለምደዋል። ስለ መድኃኒቱ ከእኔ የሚገኝ ትምህርት የለም፤ ማን ስንት እንደዋጠ የሚያውቀው የጋሼ ምላጭ ነው። ደብተሬ ጥግ ላይ የነበረችውን ዓረፍተ ነገር ግን ሰሌዳው ላይ በትልልቅ ፊደል ጻፍኳት። ክፍሉ ሳቀ። መምህሩ አልሳቀም፤ ከዐሥር ስድስት ሰጠኝ።

ሐኪሙን ካየን በኋላ በሦስተኛው ዓርብ ክፍል ስላልነበረኝ መርሳ ነበርኩ። ከቀትር በፊት ሐጂ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው ከቤታቸው ወጡ። ሚስታቸው ከኋላ፣ በሩን ገርበብ አድርገው ያያሉ። ሐጂ ደህና ተራመዱ። መንገዱ ዳር ያለው ቦይ ላይ ሲደርሱ ግን እግራቸው ቆመ። ልነሣ ስል አያቴ እጅጌዬን ያዙኝ።

"ተቀመጪ።"

"ሊወድቁ ይችላሉ፣ አባባ!"

"ተቀመጪ አልኩሽ።"

ተቀመጥኩ። ሐጂ ቆመው መሬቱን አዩ። አንድ ባጃጅ ጥሩምባ ነፋባቸው፤ አልዞሩም። ከዚያ ቀኝ እግራቸው ተነሣ፤ ቦዩን ተሻገረ፤ ግራው ተከተለ። በረንዳችንን ሲያልፉ ለሰላምታ እንኳ ፊታቸውን አላዞሩም።

ዐሥር እርምጃ ያህል ርቀው ሲሄዱ አያቴና ጋሼ ተነሡ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ የሆነ ነገር ሊገዛ እንደሚሄድ ሰው፣ ቀስ ብለው ተከተሉ። እኔም ከነሱ ኋላ።

ሐጂ ዘወር ሳይሉ "እናንተ፣ ልትሰልሙ ነው?" አሉ።

"መንገዱ የመንግሥት ነው" አሉ አያቴ። "ፊት ፊትህን እያየህ ሂድ።"

"ወላሂ፣ ያቺን የመስጊድ በር ካለፋችሁ አሰግዳችኋለሁ።"

ሁለቱ በሩ ላይ ቆሙ። ሐጂ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤ ጥላ ያለው ማዶ ነው፤ ሁለቱ ግን ከበሩ ፈቀቅ አላሉም። ሰላቱ አልቆ ሐጂ ከሰው መሀል ሲወጡ አዩአቸውና ፊታቸውን አኮሳተሩ።

"ቤታችሁ ጠፋባችሁ?"

ተመለስን። ሐጂ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ እየተነታረኩ። ማንም ማንንም አልደገፈም።