የልጄ አንገትና ያስቀደምኩት ሸራ

መጀመሪያ የደነዘዘው የቀኝ እጁ አውራ ጣት ነው። ቀጥሎ ጠቋሚው። ሰኞ ጠዋት ናሆም የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ሲያነሳ አየሁትና «ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«ጣቴን ጉንዳን የወረረው ይመስለኛል። አንገቴም ደርቋል» አለኝ።

እኔ ወዲያው የገባኝ መሰለኝ። ብርድ ነው አልኩ። ከአንድ ቀን በፊት ጣሪያ በሌለው መኪና ሲሮጥ ነው የዋለው። የባሌን ደጋ ነፋስ የሚያውቅ ሰው ሌላ ምን ያስባል? ቪክስ አሸሁት፣ አንገቱን በሻርፕ ጠቀለልኩት፣ ዝንጅብል አፈላሁለት። አምስት ቀን እንዲህ አደረግሁ። ሐኪም ቤት አልወሰድኩትም። እነዚያ አምስት ቀናት ትዝ ባሉኝ ቁጥር ዛሬም በራሴ እናደዳለሁ።

የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። ይህን የምጽፈው ልጁ ወይም ቤተሰቡ አንገቱን ለተጎዳበት ሰው ነው፤ እኔ የሠራሁትን ስህተት እንዳይደግም።

ናሆም ሮቤ ውስጥ የእህል ማጨጃ ኮምባይነር መካኒክ ነው። ከጓደኛው ከጀማል ጋር አንዲት ያረጀች፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ ቀይ መኪና ገዙ። ጀማል በያጅ ነው። በሰርግ ወራት መኪናዋ ሙሽሮች ጭና ከሮቤ ጎባ ትመላለሳለች። ጾም ገብቶ ሰርግ ሲቆም ደግሞ የከተማው ወጣቶች አንድ የቆየ የአስፋልት ሜዳ አስፈቅደው፣ ማጠፊያዎቹ ላይ የጭድ እስር ደርድረው ይወዳደራሉ። «ትራክ ደይ» ይሉታል።

ለውድድር ግን መኪናዋ ብዙ ነገር ይጎድላት ነበር። ሁሉንም ባንድ ጊዜ ማሟላት ስለማይቻል የትኛው ይቅደም ብለን እኔ ግቢ ውስጥ ተቀመጥን። ናሆም ሻርፑ አንገቱ ላይ ነበር።

«እኔ ሮል ባር ነው የምለው» አለ ጀማል። ከወንበሩ ኋላ የሚቆም የብረት ቅስት ማለቱ ነው። «እትዬ፣ ይቺ መኪና ከተገለበጠች እኮ ጣሪያዋ የእኛ ጭንቅላት ነው።»

«ብረት ቆሞባት የትኛዋ ሙሽራ ትገባባታለች?» አለ ናሆም። «የከብት መኪና ልታስመስላት ነው እንዴ?»

«ታዲያ የሚነዳትስ ማን ሆነና!» ብሎ ጀማል ሳቀ።

ናሆም አዲስ ቸርኬ ፈለገ። ሄልሜቱን ከሰው እንደሚዋስ፣ የውድድር ቀበቶውም ለሌላ ጊዜ ሊቆይ እንደሚችል ተናገረ። እኔ ጣልቃ ገባሁ። «መጀመሪያ ለጣሪያዋ ሸራ ይሰፋ። ልጄን ነፋስ እየመታው ነው፤ አታዩም?»

«ሃርሜ» አለኝ ጀማል። በኦሮምኛ እናቴ ማለቱ ነው፤ ሊለማመጠኝ ሲፈልግ እንዲህ ይለኛል። «ሸራ እኮ አደጋ አይመልስም።»

«ብርድ ይመልሳል» አልኩት።

«እሺ ይሁን» አለ። አሳምኜው አይደለም። እናት ናቸው ብሎ ነው። በሳምንቱ ድንኳን የሚሰፋ ሰው ፈልገን ወፍራም ሸራ አሰፋን። የናሆም ጣትም በመጠኑ ተሻለው። እኔ ለሸራው ምስጋና ሰጠሁ።

ሁለተኛው የውድድር ቀን አብሬው ሄድኩ። ልቤ ስለማያርፍ ቤት መቀመጥ አልቻልኩም። ሜዳው ላይ ስንደርስ ሸራውን አጠፉት። ሲሮጡበት እየተርገበገበ ያስቸግራል አሉኝ።

ሦስተኛው ዙር ነበር። ማጠፊያው ላይ መኪናዋ ዞረች። ወደ ኋላ ተንሸራታ በጀርባዋ የጭድ እስሩን መታች። አልተገለበጠችም። መስታወቷ እንኳ አልተሰበረም። ሰው አጨበጨበ። እኔም ተመስገን አልኩ።

ናሆም አልወረደም።

ሮጥኩ። ዓይኖቹ ክፍት ናቸው። እጆቹ ጭኑ ላይ ናቸው። አይንቀሳቀሱም። «እማ፣ እጆቼ እየነደዱ ነው» አለኝ።

«አውጡት! አውጡት!» አለ ሰው ሁሉ። ሁለት ወጣቶች በብብቱ ሊያነሱት ጎንበስ አሉ። አንዲት ሴት ከኋላ ጮኸች፦ «እንዳትነኩት! አንገቱ ነው!» ውድድሩን ልታይ የመጣች ነርስ ናት። ከኋላ ወንበር ገብታ ጭንቅላቱን በሁለት እጇ ያዘች። አምቡላንስ እስኪመጣ አልለቀቀችውም። እኔ ደግሞ ምን አደረግሁ? ነጠላዬን አውልቄ አንገቱ ላይ ልጠመጥም ሞከርኩ። ብርድ እንዳይመታው። ጮኻ መለሰችኝ።

ጎባ ሆስፒታል ኤክስሬይ ተነሳ። አንገቱን ኮላር በሚባል መደገፊያ አሰሩት። ሽንቱን መቆጣጠር ስላልቻለ ካቴተር የሚሉትን የሽንት ቱቦ አስገቡለት። እግሩን በትንሹ ያነሳል። እጁን አያነሳም። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መብራቱ ይዞ አየና «ስብራት አይታይም። ይህ ግን ጉዳት የለም ማለት አይደለም። ኤም አር አይ ያስፈልገዋል» አለኝ። ወደ አዲስ አበባ ተላክን። መንገዱን በሙሉ «ጨብጥ እስቲ» እለው ነበር። አልጨበጠም።

አዲስ አበባ ያገኘነው የነርቭ ሐኪም አስቀምጦ አስረዳኝ። «ሴንትራል ኮርድ ሲንድሮም ይባላል። ጭንቅላቱ በኃይል ወደ ኋላ ሲታጠፍ በአንገት አጥንቶች መካከል ያለው ኅብለ ሰረሰር መሐሉ ተጨምቆ ይጎዳል። ለዚህ ነው ከእግሩ ይልቅ እጁ የሰነፈው።» ቀጥሎ ጠየቀኝ፦ «ከዚህ በፊት አንገቱን ያመው ነበር?»

«ብርድ መትቶት ነበር እንጂ…»

«ጣቱን አደንዝዞት ነበር?»

«ሁለቱን ጣቶች ብቻ።»

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። «እናቴ፣ ብርድ ሁለት ጣት ለይቶ አያደነዝዝም። በአንገት አጥንቶቹ መካከል ያለው ዲስክ ያኔ ወጥቶ ነርቩን ይጫነው ነበር። ያን ጊዜ ቢመረመር መኪናውን አይነዳም ነበር።» እሱ ቀጠለ፦ «ወንበሩ የጭንቅላት መደገፊያ አልነበረውም?»

ነበረው። እሱን ነው ለመጻፍ የሚከብደኝ። ሙሽሮቹ ኋላ ተቀምጠው ቪዲዮ አንሺው ከፊት ሲቀርጻቸው የፊት ወንበሮቹ መደገፊያ ፊታቸውን ይጋርዳል ተብሎ ተነቅሎ ነበር። ባሌ ውስጥ የሰርግ መኪና የሚያከራይ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል፤ እኛም ሳናስብ አደረግን። የተነቀሉትን ሁለቱን መደገፊያዎች አቧራ እንዳይነካቸው በፌስታል ጠቅልዬ አልጋዬ ሥር ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ። እነሱን መልሶ ለመሰካት ጀማል እንኳ አያስፈልግም ነበር። በእጅ ተጭነው የሚገቡ ናቸው። ስለ ቸርኬ፣ ስለ ብረት፣ ስለ ሸራ ያን ያህል ስንከራከር አንዳችንም ስማቸውን አላነሳንም።

«እጁ ይመለሳል?» አልኩት።

«እግሩ ይቀድማል። ከዚያ ክንዱ። ጣቶቹ መጨረሻ ናቸው። ምን ያህል እንደሚመለሱ ዛሬ ልነግርዎት አልችልም። ቀዶ ጥገና ለጊዜው አያስፈልገውም።»

መካኒክ ነው እኮ። ያለ ጣት ምን ይሠራል?

ኮላሩን እንዳሰረ ወደ ሮቤ ከተመለስን በኋላ ያስመረረኝ ከሕመሙ ይልቅ ጠያቂው ነበር። የሚመጣው ሰው ሁሉ ሐኪም ነው። «ወጌሻ ብታሳዪው ያንድ ቀን ሥራ ነው» ይሉኛል፤ አንዷ ዘመዴማ ወጌሻውን ይዛው መጣች። በሩ ላይ ቆሜ «የልጄን አንገት የሚነካ የለም» ብዬ መለስኳቸው፤ ተቀየመችኝ፣ ይቅርታም አልጠየቅኋትም። ናሆምም አላሳረፈኝም። ላጎርሰው ስል ፊቱን ያዞራል፤ «ሕፃን አደረግሽኝ» ብሎ ይጮህብኛል፤ ትቼው ስወጣ ደግሞ እንደራበው ይውላል።

እግሩ ሐኪሙ እንዳለው ቀደመ። በሦስተኛው ሳምንት ካቴተሩ ወጣለት፣ በወሩ ግድግዳ ይዞ ግቢውን ዞረ፣ ከዚያም በሳምንት ሁለት ቀን በሚኒባስ ጎባ እየተመላለስን ፊዚዮቴራፒ ጀመርን። በመንገድ ላይ እያንዳንዱ ጉድጓድ በእኔ አንገት ውስጥ የሚያልፍ ይመስለኝ ነበር፤ ሹፌሩን ቀስ በል እያልኩ ስነታረክ ሮቤና ጎባ መካከል ያሉት ሹፌሮች ሁሉ ለይተው አወቁኝ። ፊዚዮቴራፒስቷ ጣቶቹን የሚያሠራ ነገር ቤት ውስጥ እንድንፈልግ ነገረችን። ጀማል ከጋራዡ አንድ ሰፌድ ሙሉ ብሎንና ዳዶ አመጣ፤ ናሆም ዳዶውን ከብሎኑ ማጋባት ነበረበት። የመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ይወድቅበት ነበር።

«ስንቱን ኮምባይነር የፈታህ ሰውዬ አንድ ዳዶ አቃተህ?» ይለዋል ጀማል።

«እጄ ሲመለስ መጀመሪያ የማንቀው አንተን ነው።»

«አብሽር፣ አንገቴን ላንተ ብዬ አስቀምጫለሁ» ይለዋል፤ ሁለቱ ሲሳሳቁ እኔ ወጥ ቤት ገብቼ አለቅሳለሁ።

ዛሬ ስምንተኛ ወሩ ነው። ቀኝ እጁ መፍቻ ይይዛል። ግራው ጠዋት ጠዋት ይደርቃል፣ የሸሚዝ ቁልፍ ለመቆለፍ ይዘገያል። ሐኪሙም እጁ ገና ሊሻሻል ይችላል ብሎናል።

አንገቱ ደርቆ ጣቱ የደነዘዘ ሰው ያላችሁ፣ በዚያው ቀን አስመርምሩት። ሐኪሙ ሲጠይቃችሁ ሁሉንም ንገሩት፤ የሚያሳፍራችሁንም ጭምር። የተጋጨ ሰው እሳት ከሌለ ከመኪና አትጎትቱ። ልጆቻችሁ እንደኔ ልጅ ክፍት መኪና የሚያሯሩጡ ከሆነ ደግሞ ቅደም ተከተሉን እኔ ከከፈልኩበት ተማሩ። መጀመሪያ ጭንቅላትን ከኋላ የሚደግፍ ወንበር። ሮል ባሩና የውድድር ቀበቶው አብረው ይግቡ፤ ጀማል እንዳስረዳኝ ቀበቶው ብቻውን ከገባ ሰውየውን ቀጥ አድርጎ ስለሚይዘው መኪናው ሲገለበጥ ጎንበስ እንኳ ማለት አይችልም። ብረቱም ከመኪናው ዋና አካል፣ ከሻንሲው ጋር ይታሰር እንጂ ቆርቆሮ ላይ አይበየድ። ሄልሜቱ የራሱ፣ በልኩ ይሁን። ፍሬንና ጎማ ከዚያ ይቀጥላሉ። ለውበትና ለምቾት የሚሆነው ሁሉ መጨረሻ ይምጣ፤ የእናት ጭንቀትም ቢሆን ሐኪምና ባለሙያ ካልጠየቀ ተራውን ይጠብቅ።

ጭንቅላቱን የያዘችውን ነርስ ፈልጌ አመስግኛታለሁ። ጎባም አዲስ አበባም ያከሙትን፣ ጀማልንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ናሆም መኪናዋን መንዳት ይፈልጋል። ሐኪሙ ገና አልፈቀደም። ትናንት ቁልፏን ስደብቅ አገኘኝና ተጣላን። «እስከ መቼ ነው እንደ ዕቃ የምትጠብቂኝ?» ብሎ ጠረጴዛውን መታ። እኔ ግን የሚለውን አልሰማሁም። እጆቹን ነበር የማየው። ሁለቱንም ጨብጧቸው ነበር።